«መልቲ ሲስተም» የሚለውን ቃል ሳያምኑ ቴሌቪዥን መምረጥና ማስተካከል፤ ዝርዝር መመሪያ

ቴሌቪዥኑ ይበራል፣ ሜኑው ይመጣል፣ ፍላሽ ላይ ያለውን ፊልም ጥርት አድርጎ ያጫውታል። አንቴና ሲሰካበት ግን «ቻናል አልተገኘም» ይላል። ሪሲቨር ሲያያዝበት ደግሞ ስክሪኑ ጥቁር ሆኖ ይቀራል፣ ወይም ሲግናሉን እንደማይቀበል የሚገልጽ አጭር ጽሑፍ ብቅ ይላል። ባለቤቱ ዕቃው በጉዞ ላይ የተበላሸ ይመስለዋል። አብዛኛውን ጊዜ ግን ቴሌቪዥኑ ምንም አልሆነም። የተሠራው ለሌላ አገር ነው፣ የተሰካው ሌላ አገር ነው፣ ችግሩ ይኸው ነው።

ካርቶኑ ላይ «መልቲ ሲስተም»፣ ማለትም በየትኛውም አገር ሲስተም ይሠራል፣ የሚል ጽሑፍ ያየ ሰው ልቡ ያርፋል። እኔ ይህን ቃል ማመን ካቆምኩ ቆይቻለሁ። አንድ ቴሌቪዥን ከአገሩ ውጭ እንዲሠራ አራት የማይገናኙ ነገሮች መግጠም አለባቸው፦ የኤሌክትሪኩ ቮልት፣ ከአንቴና የሚመጣውን ሥርጭት የሚቀበለው ቱነር፣ ምስሉ በሰከንድ የሚታደስበት ቁጥር፣ እና ካሴትና አናሎግ ነገር ለሚጠቀም ሰው የቀለሙና የድምፁ ሲስተም። አምራቹ ከአራቱ አንዱን ብቻ አሟልቶ «መልቲ ሲስተም» ቢል አልዋሸም፤ የትኛውን እንዳሟላ ግን አልነገረዎትም። ስለዚህ አራቱን አንድ በአንድ እንፈትሻለን። አንዱ አልገጠመም ማለት ሌሎቹም አልገጠሙም ማለት አይደለም፤ መፍትሔያቸውም ለየብቻ ነው።

ደረጃ 1፦ ሳይሰኩ ጀርባውን ያንብቡ

ቴሌቪዥኑን ያዙሩት። የኤሌክትሪክ ገመዱ በሚገባበት አካባቢ የተለጠፈች ትንሽ ወረቀት ወይም ፕላስቲኩ ላይ የታተመ ጽሑፍ አለ። ሙሉ የሞዴል ቁጥሩ፣ የሚፈጀው ዋትና የሚፈልገው ቮልት እዚያ ላይ ይገኛሉ። ፊደሉ ደቃቅ ስለሆነ በስልክዎ ፎቶ አንሥተው አጉልተው ቢያዩት ይቀላል፤ ፎቶው በኋላም ያስፈልግዎታል።

«ከ100 እስከ 240 ቮልት፣ 50/60 ኸርዝ» (ኸርዝ ኤሌክትሪኩ በሰከንድ የሚመላለስበት ቁጥር ነው) የሚል ከሆነ በኤሌክትሪክ በኩል ነገሩ አልቋል። የትም አገር ይሠራል፣ የሚያስፈልገው የሶኬቱን ቅርጽ የሚያስማማ አዳፕተር ወይም ሌላ ገመድ ብቻ ነው። «120 ቮልት፣ 60 ኸርዝ» ብቻ ከሆነ ግን እጅዎን ይሰብስቡ። ይህ የአሜሪካና የካናዳ ገበያ ቴሌቪዥን ነው፤ 220 ወይም 230 ቮልት ባለው ሶኬት በቀጥታ ከተሰካ ፊውዙ ወይም ፓወር ሰፕላዩ ሊቃጠል ይችላል፣ ለዚያውም በቅጽበት። የጃፓኑ ደግሞ 100 ቮልት ነው። ብራዚል ውስጥ እንደየአካባቢው 127 ወይም 220 ቮልት ያጋጥማል፤ በአንድ አገር ውስጥ ቤት ሲቀይሩ እንኳ ወረቀቷን ማንበብ ያስፈልጋል ማለት ነው።

አዳፕተር የሶኬቱን ቅርጽ እንጂ ቮልቱን አይለውጥም። ብዙ ቴሌቪዥን የተቃጠለው በዚህ ነው፤ «አዳፕተር አለኝ» ተብሎ።

ቮልቱ ካልገጠመ የሚያስፈልገው ትራንስፎርመር ነው። ሲመርጡ የቴሌቪዥኑን ዋት በሁለት ያባዙ። 150 ዋት ለሚፈጅ ቴሌቪዥን 300 ዋት የሚችል ትራንስፎርመር ቢይዙ አይግልም፣ በሚነሣበት ቅጽበት የሚስበውንም ኃይል ይችላል። ሁለት ነገሮች ግን ከትራንስፎርመር ጋር እንዳይምታቱብዎ። አንደኛው ስታብላይዘር ነው፤ የሚወጣና የሚወርድ ቮልት ያረጋጋል እንጂ 230ውን 120 ለማድረግ የተሠራ አይደለም። ሁለተኛው ለፀጉር ማድረቂያና ለካውያ ተብሎ ለመንገደኛ የሚሸጠው ቀላልና ትንሽ መቀየሪያ ነው። እሱ የሚያወጣው የተቆራረጠ ኤሌክትሪክ ለማሞቂያ እንጂ ለኤሌክትሮኒክስ አይሆንም፤ ቴሌቪዥን አይሰኩበት።

እዚህ ላይ ሰው የሚጠይቀው ነገር አለ፦ ትራንስፎርመሩ ቮልቱን ቢቀይር ኸርዙን ማን ይቀይራል? ማንም አይቀይረውም፣ መቀየርም አያስፈልገውም። የዛሬ ቴሌቪዥን ፓወር ሰፕላይ የሚገባውን ኤሌክትሪክ መጀመሪያ ወደ ዲሲ፣ ማለትም በአንድ አቅጣጫ ብቻ ወደሚሄድ ኤሌክትሪክ፣ ስለሚለውጠው 50 ይሁን 60 ግድ የለውም። ኸርዝ የሚለው ቃል ደረጃ 3 ላይ ተመልሶ ይመጣል። እዚያ የምናወራው ስለ ምስሉ ኸርዝ ነው እንጂ ስለ ሶኬቱ አይደለም።

ወረቀቷን ሳይለቁ የሞዴል ቁጥሩን እስከ መጨረሻዋ ፊደል ይጻፉት። ብዙ አምራቾች ለተለያየ አህጉር የሚልኩትን ቴሌቪዥን በአንድ ስም ይጠሩትና የሚለዩት በመጨረሻዎቹ ሁለት ሦስት ፊደላት ነው። ሱቅ ውስጥ «ይኸው እኮ ነው፣ አንድ ነው» ቢባሉ መጠኑም ስክሪኑም እውነትም አንድ ሊሆን ይችላል፤ ውስጡ ያለው ቱነር ግን ሌላ ነው።

ደረጃ 2፦ ቱነሩ የትኛውን ሥርጭት እንደሚያውቅ ይለዩ

አንቴና የማይጠቀሙ ከሆነ፣ ማለትም የሚያዩት በዲሽ ሪሲቨር ወይም በኢንተርኔት ብቻ ከሆነ፣ ይህን ክፍል ዘለው ወደ ደረጃ 3 ይሂዱ። የቴሌቪዥኑ ቱነር ለእርስዎ ሥራ የለውም።

ለሌሎቻችሁ፦ በምድር ማሠራጫ የሚተላለፈው ዲጂታል ቴሌቪዥን በዓለም ላይ በአራት ዋና ዋና ቤተሰቦች ይከፈላል። ዲ ቪ ቢ ቲ እና ተከታዩ ዲ ቪ ቢ ቲ 2 በአውሮፓ፣ በአብዛኛው አፍሪካ፣ በአውስትራሊያና በብዙ የእስያ አገሮች ይሠራሉ። ኤ ቲ ኤስ ሲ የአሜሪካ፣ የካናዳ፣ የሜክሲኮና የደቡብ ኮሪያ ነው። አይ ኤስ ዲ ቢ ቲ በጃፓን በ2003 ተጀምሮ፣ ብራዚል አሻሽላ ወስዳው፣ በአብዛኛው ደቡብ አሜሪካ እንዲሁም በፊሊፒንስና በቦትስዋና ይሠራል። ቻይና ደግሞ ዲ ቲ ኤም ቢ የሚባል የራሷ አላት። (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።) አንዱ ቤተሰብ የሌላውን ቋንቋ ፈጽሞ አይሰማም። የኤ ቲ ኤስ ሲ ቴሌቪዥን ለንደን ውስጥ አንቴና ቢሰካበት ሰርች አድርጎ አድርጎ ባዶ እጁን ይመለሳል። ደካማ ሲግናል እንኳ አያሳይም።

ቤተሰቡ አንድ መሆኑም ብቻውን አይበቃም። ሰው የሚሸወደው እዚህ ነው። ሦስት ነገሮች ይፈትሹ።

ትውልዱን። የዲ ቪ ቢ ቲ 2 (ባጭሩ ቲ 2) ቱነር በተግባር የቀድሞውንም ቲ ይቀበላል፤ የቀድሞው ግን ቲ 2ን አይቀበልም። አሜሪካም ተመሳሳይ ነገር ውስጥ ናት፤ ኤ ቲ ኤስ ሲ 3.0 የተባለው አዲሱ ትውልድ በ2017 ተፈቅዷል፣ በአሮጌው ቱነር ግን አይታይም።

የቻናሉን ስፋት። አንዳንድ አገር አንድን ቻናል በ6 ሜጋ ኸርዝ፣ ሌላው በ7 ወይም በ8 ያሠራጫል። ጃፓን፣ ብራዚልና ፊሊፒንስ አይ ኤስ ዲ ቢ ቲን በ6 ያሠራጩታል፤ ቦትስዋና ያንኑ ሲስተም በ8 ትጠቀማለች። ስሙ አንድ ሆኖ ቴሌቪዥኑ አንዱን አገር ብቻ የሚያውቅ ከሆነ ሌላው ዘንድ ምንም አያገኝም። ኮሎምቢያም ዲ ቪ ቢ ቲ 2ን በ6 ሜጋ ኸርዝ ታሠራጫለች፣ ስለዚህ በአውሮፓው 8 ብቻ የሚሠራ ቱነር እዚያ ሥራ ፈት ነው።

የምስሉን መጭመቂያ፣ ኮዴክ የሚባለውን። ጀርመን በ2017 የምድር ሥርጭቷን ወደ ቲ 2 ስታዛውር ምስሉን ኤች ኢ ቪ ሲ በሚባለው ኮዴክ ማሸግ ጀመረች። የቲ 2 ቱነር ያለው ግን ኤች ኢ ቪ ሲ የማይፈታ ቴሌቪዥን ቢወስዱላት ቻናሎቹን በስማቸው ሊያገኛቸው፣ የሲግናል መለኪያውም ሞልቶ ሊያሳይ ይችላል፤ ምስል ግን የለም። ሲግናል ሞልቶ ምስል ከጠፋ አንቴናውን አያንገላቱት፣ ኮዴኩን ይጠርጥሩ። ጃፓን ደግሞ ከዚህ በላይ ሌላ በር አላት፦ ለአገር ውስጥ ገበያ የሚሠሩት ቴሌቪዥኖች ሥርጭቱን የሚከፍቱት ቢ ካስ በሚባል ካርድ ወይም እሱን በተካ ቺፕ ነው፤ የብራዚል ቴሌቪዥን ይህ የለውም።

ይህን ሁሉ ከየት ያገኙታል? ከአምራቹ ገጽ ላይ፣ ሙሉውን የሞዴል ቁጥር አስገብተው፣ ስለ ቱነር ወይም ስለ ዲጂታል ሥርጭት በሚያወራው መስመር። ሌላም መንገድ አለ፣ እኔ የማምነውም እሱን ነው፦ ቴሌቪዥኑን ወደ ፋብሪካ ሴቲንግ መልሰው እንደ አዲስ ያስጀምሩት። ሲጀመር አገር እንዲመርጡ ከጠየቀዎት ዝርዝሩን እስከ ታች ይውረዱ። የአውሮፓ አገሮች ብቻ ከሆኑ ለአውሮፓ የተሠራ ነው። አገር ሳይጠይቅ ቀጥታ የፖስታ ቁጥር ወይም የሰዓት ክልል ብቻ ከጠየቀ ለአንድ አገር ብቻ የተሠራ መሆኑን ይጠርጥሩ።

ቱነሩ ካልገጠመ አይዘኑ። ከአራቱ ችግሮች በጣም ቀላሉ ይህ ነው። በሚኖሩበት አገር የሚሸጠውን የአንቴና ዲኮደር ገዝተው በኤች ዲ ኤም አይ ያያይዙት፤ አንቴናው ዲኮደሩ ላይ ይሰካል፣ ቴሌቪዥኑ ስክሪን ብቻ ይሆናል። የአንቴናው ገመድ ጫፍም ሊለያይ ይችላል፤ የአሜሪካው በጥርስ የሚጠመዘዝ፣ የአውሮፓው ተገፍቶ የሚገባ ነው። የሁለቱን ማስማሚያ በቀላሉ ያገኛሉ።

ዲሽ ላይ ነገሩ ይለያል። ዲ ቪ ቢ ኤስ እና ኤስ 2 የሚባሉት የሳተላይት ሲስተሞች በአብዛኛው ዓለም አንድ ናቸው። የሪሲቨር ጣጣ አገር ሳይሆን ሳተላይቱ የሚሸፍነው አካባቢና የካርዱ ክፍያ ነው። ግን ዲኮደሩም ሪሲቨሩም ምስሉን በሆነ ኸርዝ ነው የሚያወጡት፣ እሱም ወደ ቀጣዩ ደረጃ ያደርሰናል።

ደረጃ 3፦ 50 እና 60፣ ትልቁ እንቅፋት

ቴሌቪዥን ሲጀመር የምስሉ መታደሻ ፍጥነት ከአገሩ ኤሌክትሪክ ጋር ተስማምቶ ነበር የተመረጠው። ኤሌክትሪኩ 60 ኸርዝ የሆነበት አሜሪካ ምስሉን በሰከንድ 60 ጊዜ፣ 50 የሆነበት አውሮፓ 50 ጊዜ አደረገ። በዚያ ዘመን ሁለቱ ካልተስማሙ በስክሪኑ ላይ የሚንሳፈፍ ጥላ መሰል መስመር ይታይ ነበር። ምክንያቱ ከጠፋ ቆየ፣ ልዩነቱ ግን ዲጂታሉንም ተሻግሮ ዛሬም አለ። ሰሜን አሜሪካ፣ ጃፓን፣ ደቡብ ኮሪያ፣ ፊሊፒንስና ብራዚል በ60 ያሠራጫሉ። አውሮፓ፣ አፍሪካ፣ አውስትራሊያና አብዛኛው እስያ በ50። ጃፓን ራሷ አስገራሚ ናት፤ የምሥራቁ ግማሽ ኤሌክትሪክ 50፣ የምዕራቡ 60 ኸርዝ ሆኖ ቴሌቪዥኗ ግን በሁለቱም በኩል 60 ነው።

ልብ ይበሉ፣ ይህ ችግር በሁለቱም አቅጣጫ እኩል አይደለም። ለ50ዎቹ አገሮች የሚሠሩ የዛሬ ቴሌቪዥኖች በኤች ዲ ኤም አይ የሚመጣላቸውን 60 በአብዛኛው ያለ ጥያቄ ይቀበላሉ። ለአሜሪካ ገበያ ከተሠሩት ውስጥ ግን 50 ሲመጣላቸው የሚጨልሙ አሉ። ስለዚህ ከአውሮፓ ወደ አሜሪካ ቴሌቪዥን የሚወስድ ሰው ብዙም አይጨነቅ፤ ከአሜሪካ ወደ አፍሪካ ወይም ወደ አውሮፓ የሚወስድ ግን ከመግዛቱ በፊት ይህን ሳይፈትሽ ገንዘብ ባይከፍል እመክራለሁ።

ፍተሻው አሥር ደቂቃ አይፈጅም። ላፕቶፕ ይዘው ይሂዱ።

1. ላፕቶፑን በኤች ዲ ኤም አይ ገመድ ከቴሌቪዥኑ ጋር ያገናኙ፣ ምስሉ ቴሌቪዥኑ ላይ እንዲወጣ ያድርጉ።
2. በላፕቶፑ የስክሪን ሴቲንግ ውስጥ ገብተው ቴሌቪዥኑን ይምረጡ፣ ከዚያ የላቀውን ሴቲንግ ከፍተው የሪፍሬሽ ሬት ዝርዝሩን ያውርዱ።
3. ዝርዝሩ ውስጥ 50 ኸርዝ አለ? ካለ ይምረጡትና ምስሉ ሳይጠፋ ሃያ ሰከንድ ያህል ይቆይ እንደሆነ ይዩ።
4. 60 እና 59.94 ብቻ ካሉ፣ ወይም 50 ሲመርጡ ስክሪኑ ከጨለመ፣ መልሱን አገኙ። (ሲጨልም አይደንግጡ፤ ላፕቶፑ ካላረጋገጡለት ከጥቂት ሰከንድ በኋላ ራሱ ወደ ነበረበት ይመለሳል።)

59.94 የሚለው ቁጥር ምን እንደሆነ ለሚገርመው፦ አሜሪካ በ1953 ቀለም ስትጨምር የቀለሙ ሲግናል ከድምፁ ጋር እንዳይጋጭ ፍጥነቱን ከ60 በአንድ ሺኛ ዝቅ አደረገችው። የዚያን ዘመን ማስተካከያ እስከ ዛሬ ላፕቶፕ ሴቲንግ ውስጥ ተጎልቶ አለ።

ላፕቶፕ ከሌለ የቴሌቪዥኑን ማንዋል ከኢንተርኔት አውርደው መጨረሻ አካባቢ ያለውን ሰንጠረዥ ይፈልጉ። በኤች ዲ ኤም አይ የሚቀበላቸው የምስል መጠኖች ከነኸርዛቸው ተዘርዝረዋል። የሚፈልጉት 1920 በ1080 ከሚለው መስመር ጎን 50 መኖሩን ነው።

ቴሌቪዥኑን ቀድመው ገዝተው 50 እንደማይቀበል ካወቁስ? መጀመሪያ የሪሲቨሩን ሴቲንግ ይሞክሩ። ብዙዎቹ የሚያወጡትን ምስል መምረጥ ያስችላሉ፤ ከ1080 በ50 ወደ 1080 በ60 ወይም ወደ 720 በ60 ያድርጉት። ችግሩ ስክሪኑ ጨልሞ ሜኑው አለመታየቱ ነው። ለዚህ ሪሲቨሩን ሌላ ቴሌቪዥን ላይ ሰክተው ያስተካክሉትና መልሰው ያምጡት። በአንዳንድ ሪሞት ላይ የምስል ፎርማት የሚቀይር ቁልፍ አለ፤ እሱን እየጫኑ በየጊዜው አምስት ሰከንድ ያህል መጠበቅም ይሠራል።

በዚህ መንገድ የሚገኘው ምስል ግን ፍጹም አይደለም። በሰከንድ 50 የነበረውን ምስል 60 ለማድረግ ሪሲቨሩ ከየአምስቱ አንዱን ይደግመዋል፤ በሰከንድ አሥር ጊዜ ማለት ነው። ተቀምጦ የሚያወራ ሰው ላይ ምንም አይታይም። ከዜናው ግርጌ የሚሮጠውን ጽሑፍ ሲያነቡ ግን ፊደሎቹ እየተንገጫገጩ ያልፋሉ፣ ረጅም ኳስ ሲሻገርም ኳሷ በአየር ላይ ትንሽ ትንሽ የምትቆም ትመስላለች። ኳስ የሚወድ ሰው ይህን አንዴ ካየው ከዚያ በኋላ ማየት አያቆምም፣ ስለዚህ ባልነግርዎት ይሻል ነበር።

ሪሲቨሩ 60 ማውጣት ካልቻለ በመካከል የሚገባ የኤች ዲ ኤም አይ መቀየሪያ፣ ስኬለር የሚባለው፣ ያስፈልጋል። ሲገዙ «ከ50 ወደ 60 ይቀይራል» የሚለውን በግልጽ የጻፈ መሆኑን ያረጋግጡ፤ የምስሉን መጠን ብቻ ቀይሮ ኸርዙን እንዳለ የሚያሳልፍ ብዙ አለ።

ኢንተርኔት ብቻ የሚያዩ ከሆነ ይህ ደረጃ ብዙም አያሳስብዎትም፤ የቴሌቪዥኑ አፖች ምስሉን ራሳቸው ያስማማሉ። የፊልም ነገር ደግሞ ለብቻው ነው። ፊልም የሚቀረጸው በሰከንድ በ24 ምስል ነው። በ50 አገሮች ቴሌቪዥን ላይ ሲታይ ለዘመናት ወደ 25 ከፍ ተደርጎ ይጫወት ስለነበር የሁለት ሰዓት ፊልም አምስት ደቂቃ ያህል ቀድሞ ያልቅ፣ የተዋናዮቹም ድምፅ በጥቂቱ ቀጥኖ ይሰማ ነበር። በሁለት አገር የተገዛ አንድ ዲቪዲ ርዝመቱ ለየቅል ቢሆንብዎ ትዕይንት ተቆርጦ ላይሆን ይችላል።

ደረጃ 4፦ ካሴት፣ የድሮ ጌምና አናሎግ

ዴክ፣ የድሮ የቪዲዮ ካሜራ ወይም የድሮ ጌም ከሌለዎት፣ አናሎግ ሥርጭትም ከማይታይበት አካባቢ ከሆኑ ይህ ለእርስዎ አይደለም። አሜሪካ ዋና ዋና የአናሎግ ጣቢያዎቿን በሰኔ 2009፣ ጃፓን አብዛኛውን በሐምሌ 2011 ዘግታለች። የሠርግ ካሴት ያስቀመጠ ቤተሰብ ግን አሁንም ብዙ ነው፣ እኔም በብዛት የሚጠይቁኝ ስለሱ ነው።

ሦስት የቀለም ሲስተሞች አሉ። ኤን ቲ ኤስ ሲ አሜሪካ በ1953 ያጸደቀችው ነው፤ 525 መስመር፣ 60 ኸርዝ። ፓል የጀርመኑ ቴሌፉንከን ኩባንያ መሐንዲስ ዋልተር ብሩኽ ሥራ ሲሆን ብሪታንያና ምዕራብ ጀርመን በ1967 ሥርጭት ጀመሩበት፤ 625 መስመር፣ 50 ኸርዝ። ሴካም የፈረንሳዩ ኦንሪ ደ ፍራንስ ነው፤ እሱም በ1967 ሥራ ጀመረ፣ መስመሩና ኸርዙ እንደ ፓል ነው፣ ቀለሙን የሚልክበት መንገድ ግን ሌላ ነው። ሶቪየት ኅብረትና ብዙ የቀድሞ የፈረንሳይ ግዛቶች የተከተሉት ይህን ነበር።

ኤን ቲ ኤስ ሲ ላይ ሲግናሉ በመንገድ ትንሽ ከተዛባ ቀለሙ ይለወጣል፣ የሰው ፊት አረንጓዴ ይመታል። ስለዚህ የእሱ ቴሌቪዥኖች «ቲንት» የሚባል ማስተካከያ አላቸው። ፓል ቀለሙን በየመስመሩ እየገለበጠ ስለሚልክ ስሕተቱ ራሱን ያጣፋል፣ ቲንት አያስፈልገውም። ይህን በራስዎ ቴሌቪዥን ማየት ይችላሉ፦ የምስል ሜኑ ውስጥ «ቲንት» የሚለው መስመር ፈዝዞ አልነካም ካለ አብዛኛውን ጊዜ እየገባ ያለው ሲግናል ፓል ነው። ሕያው ከሆነ ኤን ቲ ኤስ ሲ ነው። ያለ ምንም መሣሪያ ሲስተም መለየት ማለት ይህ ነው።

አሁን ወደ ምርመራው። ስክሪኑ የሚያሳየው ጉድለት የትኛው እንዳልገጠመ ራሱ ይናገራል።

ምስሉ ቀጥ ብሎ ቆሞ፣ ጥርት ብሎ፣ ግን ጥቁርና ነጭ ከሆነ መስመሩና ኸርዙ ገጥሟል፣ የቀለም ሲስተሙ ብቻ ተሳስቷል። ሜኑ ውስጥ ገብተው የቀለም ሲስተሙን ከ«አውቶ» አውጥተው ፓልን፣ ሴካምን፣ ኤን ቲ ኤስ ሲ 3.58ን እና ኤን ቲ ኤስ ሲ 4.43ን በየተራ ይሞክሩ። 4.43 የሚለው ለካሴት ሰው ይጠቅማል፤ አንዳንድ የፓል ዴክ የአሜሪካ ካሴት ሲያጫውት የሚያወጣው ይህንን ድብልቅ ነው።

ምስሉ እንደ ፊልም ጥቅል ወደ ላይ ወይም ወደ ታች እየተንከባለለ፣ በመካከሉ ወፍራም ጥቁር ጋሬጣ የሚያልፍ ከሆነ ኸርዙ ነው፤ 50 ለሚጠብቅ 60 ወይም በተቃራኒው ገብቷል። ይህን በሜኑ አያስተካክሉትም። ወይ ሁለቱንም የሚቀበል ቴሌቪዥን፣ ወይ መቀየሪያ ይፈልጋል።

ምስሉ ከነቀለሙ ጥሩ ሆኖ ድምፁ «ሽሽሽ» ብቻ ከሆነ የድምፅ ሲስተሙ ነው። አንድ ጊዜ ጎረቤት ጠርቶኝ ሄድኩ፤ ቴሌቪዥኑ ሁለት ቀን ሙሉ ድምፅ የለውም ተብሎ ስፒከሩ ሊፈታ ጠረጴዛ ላይ ተጋድሟል። በጀርባው የዴኩ የአንቴና ገመድ ገብቷል። የቻናል ማስተካከያውን ከፍቼ የድምፅ ሲስተሙን ከዲ ኬ ወደ ቢ ጂ ባደርገው ሠርገኛው እልልታውን ለቀቀው። በአናሎግ ድምፁ ከምስሉ ምን ያህል ርቆ እንደሚላክ አገሮች አልተስማሙም፦ ኤም በሚባለው 4.5፣ በቢ ጂ 5.5፣ በአይ 6፣ በዲ ኬ 6.5 ሜጋ ኸርዝ ነው። ቴሌቪዥኑ በተሳሳተው ቦታ ካዳመጠ የሚሰማው ባዶ አየር ነው።

ምስሉ እንደ ፎቶ ኔጋቲቭ ጥቁሩ ነጭ፣ ነጩ ጥቁር ሆኖ ከመጣ የፈረንሳይ ኤል ሲስተም አጋጥሞዎታል። ብርሃኑን ከሌሎቹ ገልብጦ ነው የሚልከው።

ብራዚል ግን ከመካከላቸው ልዩ ናት፤ ፓል ኤም የሚባለው የእሷ ሲስተም የፓልን ቀለም ከአሜሪካው 525 መስመርና 60 ኸርዝ ጋር ያጋባ ነው። «ፓል ነው» ተብሎ የተገዛ ነገር ከብራዚል ከሆነ መልሰው ይጠይቁ።

ስለ ካሴት አንድ ነገር ይታወቅ፦ ቴሌቪዥኑ ምንም ያህል መልቲ ሲስተም ቢሆን ካሴቱን የሚያነበው ዴኩ ነው። ኤን ቲ ኤስ ሲ የማያነብ ዴክ ውስጥ የአሜሪካ ካሴት ቢገባ ቴሌቪዥኑ የሚያድነው ነገር የለም። ደግሞ የዲቪዲ የክልል ቁጥር ከዚህ ሁሉ ጋር ግንኙነት የለውም። ክልል 1 አሜሪካና ካናዳ፣ ክልል 2 አውሮፓና ጃፓን ናቸው፤ አውሮፓ ፓል፣ ጃፓን ኤን ቲ ኤስ ሲ ሆነው ሳለ የክልል ቁጥራቸው አንድ ነው። ማጫወቻው ዲስኩን አልቀበልም ካለ ክልሉን፣ ተቀብሎ ምስሉን ካበላሸ ሲስተሙን ይመልከቱ።

ደረጃ 5፦ አስጀምረው ያስተካክሉ

ሲያስጀምሩ የሚኖሩበትን አገር ይምረጡ። አገር መምረጥ ቋንቋ መምረጥ አይደለም፤ ቴሌቪዥኑ የትኞቹን ፍሪኩዌንሲዎች፣ በየትኛው የቻናል ስፋት እንደሚፈልግ የሚወስነው በእሱ ነው። አገርዎ ዝርዝሩ ውስጥ ከሌለ በሥርጭት ሲስተምና በቻናል ስፋት የሚመሳሰለውን፣ ወይም «ሌሎች» የሚለውን ይምረጡ። ሜኑውን በሚፈልጉት ቋንቋ በኋላ ያደርጉታል። ከዚያ አውቶማቲክ ሰርች ያድርጉ፤ ጥቂት ቻናል ብቻ ከመጣ የጎደለውን ፍሪኩዌንሲ በእጅ አስገብተው ይፈልጉ።

ስማርት ቴሌቪዥን ላይ አገሩ የአፕ ዝርዝሩንም ይወስናል። አንዳንዱ አፕ ጨርሶ ላይመጣ ይችላል፤ ያን ጊዜ ቴሌቪዥኑን ከማስጨነቅ ትንሽ የስትሪሚንግ ስቲክ ኤች ዲ ኤም አይ ላይ መሰካት ይሻላል።

አንድ ክልከላ አለኝ። በሪሞት የተወሰኑ ቁልፎችን በቅደም ተከተል ተጭነው የሚገቡበት የባለሙያ ሜኑ አለ፣ «ክልሉን ከዚያ ቀይረው» የሚል ምክርም በየቦታው ይሰጣል። አንዳንድ ሞዴል ላይ ይሠራል። ግን እዚያው ሜኑ ውስጥ የስክሪኑ ዓይነትና የሰሌዳው ምርጫም አለ፤ በስሕተት አንዷን የነካ ሰው ምስሉ ተገልብጦ ወይም ጭራሽ ጨልሞ፣ መመለሻውን ሜኑ ማየት ሳይችል ይቀራል። ክልሉ ቢቀየር እንኳ ያልነበረ ቱነር አይፈጠርም። አይግቡበት።

እኔ ብሆን

አዲስ ቴሌቪዥን አገር አቋርጬ አልሸከምም። ስክሪኑ ለጉዞ አይመችም፣ ዋስትናውም ብዙ ጊዜ ከተገዛበት አገር አይሻገርም፣ የመለዋወጫ ሰሌዳውም በመጨረሻዎቹ የሞዴል ፊደላት ስለሚለያይ ጥገና ላይ ያስቸግራል። በምኖርበት አገር የሚሸጠውን እገዛለሁ፣ ካሴቶቹን ደግሞ አንድ ጊዜ ወደ ዲጂታል አስገልብጬ እገላገላለሁ። መሸከም የሚያዋጣው ቴሌቪዥኑ ቀድሞ በእጅ ካለ፣ ወይም ለ50ዎቹ አገሮች ተሠርቶ ጀርባው ላይ ከ100 እስከ 240 ቮልት ከተጻፈበት ነው።

ለማንኛውም የሚሸከሙት ከሆነ ቆሞ እንጂ ተኝቶ እንዳይጫን ያድርጉ፣ ዋናውንም ሪሞት ከቴሌቪዥኑ ጋር በአንድ ካርቶን ያሽጉት። ገበያ የሚገኘው ምትክ ሪሞት ድምፅና ቻናል ይቀይር ይሆናል፤ የሲስተሙን ሜኑ የሚከፍተው ቁልፍ ግን ብዙ ጊዜ የለውም።